ልጄን ላስከትባት ወይስ ወቀሳ ልሽሽ

ለኅዳር ሚካኤል ጎረቤት ዝክር ጠርተውን ጠላው ገና እየተቀዳ ሳለ አንዷ በጣም የማከብራት የሰፈራችን ሴት «አንተ፣ ልጅህን ልታስመክናት ነው አሉ?» አለችኝ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ወሬው ወዲያው ወደ ጤፍ ዋጋ ዞረ። ግን ቤት ስገባም፣ ጠዋት ሱቅ ስከፍትም አልለቀቀኝም። ወሬው ራሱ አዲስ ሆኖብኝ አይደለም፣ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። የከነከነኝ ሌላ ነው፣ በሷ ወሬ ውስጥ ጥፋተኛው ክትባቱ አልነበረም፣ ያመጣው አካልም አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ። እስካሁን እኮ ምንም አላደረግኩም፣ ማሰቤን ነው የሰማችው።

የማወራው ስለ ማህፀን በር ካንሰር ክትባት ነው፣ ኤችፒቪ ስለሚሉት። ልጄ 12 ዓመቷ ነው። የክፍል ኃላፊዋ በወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ረቡዕ ክትባት ስላለ ልጆቻችሁን ቁርስ አብልታችሁ ላኩ» ብላ ጻፈችና ከዛ በኋላ ግሩፑ ግሩፕ መሆኑ ቀረ። የድምፅ መልእክት በድምፅ መልእክት ላይ፣ «አንድ ዶክተር እንዳሉት» የሚል ስሙ የማይታወቅ ዶክተር፣ የሚጸልይ፣ የሚሳደብ፣ መሀል ላይ ደሞ ድንች የሚሸጥ። መምህሯ አንድ ጊዜ «እባካችሁ ተረጋጉ» አለች፣ ከዛ ዝም አለች፣ አልፈርድባትም።

እኔ ሆስፒታሉ አካባቢ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት ቤት አለኝ። የዩኒቨርሲቲው የጤና ተማሪዎች ፕሮፖዛል፣ ቴሲስ፣ ምናምን እኔ ጋ ነው የሚያስጠርዙት፣ ስለዚህ መብራት ሲሄድ ቁጭ ብዬ የሰው ወረቀት አነባለሁ። እንግሊዝኛዬ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው ግን ቁጥር ቁጥር ነው። ከዛ ሁሉ ጥረዛ የተረፈኝ ነገር ቢኖር ይሄ በሽታ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑን፣ በዓመት ከ5 ሺህ በላይ ሴት ይገድላል ተብሎ እንደሚገመት ነው። ጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው፣ መንገዱ እንዴት እንደሆነ ደሞ ለጎንደር ሰው አልነግረውም።

ይሄን ሁሉ እያወቅኩም ግን ያቺ የዝክር ቤት ቃል ሆዴ ውስጥ ቁጭ አለች።

አንድ ክንድ፣ ሁለት መርፌ

መጀመሪያ ሰዉ ለምን እንደሚፈራ ራሴን ጠየቅኩ፣ «አልተማሩም» ብሎ ማለፍ ስለሚያስጠላኝ። የሚፈሩት ሴቶች እኮ የተማሩም አሉበት። እዚህ አገር አንዲት ሴት ክንዷ ላይ የምትወጋው መርፌ በሰው ጭንቅላት ውስጥ ስሙ አንድ ነው፣ ዴፖ። በየሦስት ወሩ፣ በነጻ፣ በጤና ጣቢያ ወይ በጤና ኤክስቴንሽን እጅ፣ እንዳትወልድ። አሁን ደሞ ያችው ጤና ኤክስቴንሽን፣ ያው ክንድ፣ ያው ነጻ፣ ለዚያውም ለሴት ልጅ ብቻ፣ ስሙም ውስጥ «ማህፀን» የሚል አለበት። ሰው ቢጠረጥር ምን ይገርማል? እኔ ባይጠረጥር ነበር የሚገርመኝ።

ጎንደር ላይ ደሞ ከዚህም የተለየ የራሳችን ነገር አለ። ወደ እስራኤል ለመሄድ እዚሁ ከተማ ዓመታት የጠበቁ ሰዎችን የማያውቅ ጎንደሬ የለም፣ ጎረቤቶቻችን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ላይ የእስራኤል ቴሌቪዥን ሴቶቹን አቀረበና በመጠበቂያው እያሉ ዴፖ በደንብ ሳይገለጽላቸው፣ አንዳንዶቹም ተጭነዋቸው እንደተወጉ ተናገሩ። የሚመለከታቸው አስተባበሉ። በ2013 ጃንዋሪ የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሐኪሞች ነገሩን በትክክል ላልተረዳች ሴት መርፌውን እንዳያድሱላት መመሪያ አወጣ፣ ከዓመታት በኋላ ደሞ የአገሪቱ ኮምፕትሮለር፣ ያው የመንግሥትን ሥራ የሚቆጣጠረው፣ ለግዳጁ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። እውነቱን የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። ግን ወሬው እዚህ ቀርቷል፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «የመካንነት ወሬ ከየት መጣ» ቢለኝ ቢያንስ ለጎንደር ወሬው አድራሻ አለው እለዋለሁ።

ጥርጣሬው ምክንያት አለው ማለት ግን የጠረጠርነው ነገር እውነት ነው ማለት አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለቱም በኩል። ስለዚህ ነገሩን በራሴ መንገድ አሰብኩት። ይሄ ክትባት ለኛ አዲስ ነው እንጂ ለዓለም አዲስ አይደለም፣ ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጆች ስትጀምረው በአሜሪካ ከተፈቀደ 12 ዓመት አልፎት ነበር። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው ለሴት ተማሪዎች መስጠት የጀመረችው፣ ከኛ አህጉር ደሞ ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2011 አብዛኛዎቹን ልጃገረዶቿን አዳርሳለች። ያኔ በ12 ዓመቷ የተወጋች የኪጋሊ ልጅ ዛሬ 25 አልፏታል። ታዲያ ዛሬ ኪጋሊ ላይ የሚወልደው ማን ሆነና ነው? ክትባቱ የሚያመክን ቢሆን ኖሮ አንድ ትውልድ ሙሉ ሳይወልድ ሲቀር ዓለም እንዴት ዝም ይላል፣ ወረቀት ማንበብም አያስፈልገውም፣ የወሊድ ክፍሉን በር ማየት ይበቃል።

ለኔ የመካንነቱ ነገር እዚህ ላይ አለቀ። ያላለቀው ሌላው ነው።

«ማንም አይወቅሰንም»

ማክሰኞ ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ባለቤቴ ድስቷን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር «ዝም ብለህ ነገ አስቀራት በቃ፣ ራሷን አሟት ነው እንላለን። ካልተወጋች ማንም አይወቅሰንም» አለችኝ።

ባለቤቴ ፈሪ ሴት አይደለችም፣ በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ያየነውን አይታ ሱቋን አንድ ቀን ያልዘጋች ሴት ናት። ለዛ ነው ቃሏ የመታኝ። ምክንያቱም ያለችው እውነት ነው፣ ማንም አይወቅሰንም።

ነገሩን ልዘርግፈው። ልጄ ብትወጋና ማታ ትኩሳት ቢይዛት የኔ ጥፋት ነው። በፈተና ብትወድቅ፣ «ከመርፌው ወዲህ እኮ ፈዛለች» ይባላል። በ25 ዓመቷ አግብታ ለመውለድ አንድ ዓመት ቢዘገይባት፣ ባልየው ችግር ቢኖርበት እንኳ፣ አንዷ ቡና ላይ «አባቷ በልጅነቷ አስወግቷት» ማለቷ አይቀርም። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሚደርስባት ሁሉ መልስ ሰጪው እኔ ነኝ። ካልተወጋችስ? ቫይረሱ ገላ ውስጥ ገብቶ ወደ ካንሰር ለመለወጥ ብዙ ጊዜ 15 እና 20 ዓመት ይፈጅበታል። እንበል በ45 ዓመቷ ታመመች። ማን ነው ያኔ ተነስቶ «አባትሽ ያን ረቡዕ አስቀርቶሽ» የሚላት? እኔ ምናልባት አልኖርም። ሰው ይመጣል፣ «እግዜር ያመጣው ነው» ይባላል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ በቃ። ወቀሳ ቸኳላ ነው፣ በሽታው ደሞ ታጋሽ ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም።

እና ያን ማታ የገባኝ ነገር ቢኖር እኛ ስንመዝን የነበረው የሷን አደጋ ከሷ አደጋ ጋር አለመሆኑን ነው። በአንዱ በኩል ያለው የሷ ገላ ነው፣ በሌላው በኩል ያለው የኛ ስም ነው። የኛ ስም ነገውኑ ይታያል፣ የሷ ገላ ከሠላሳ ዓመት በኋላ። እንደዚህ የተቀመጠ ሚዛን ሁሌም ወደ አንድ ወገን ነው የሚያጋድለው፣ ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም።

እንዲህ የሚያስበው ደሞ የጎንደር ወላጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጃፓን፣ ያቺ የምናውቃት ጃፓን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ኤፕሪል ክትባቱን መደበኛ አደረገችና በጁን፣ ሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ፣ አንዳንድ ልጆች ሕመምና መንቀጥቀጥ እንደያዛቸው በቴሌቪዥን ሲወራ መንግሥቷ «አንከለክልም፣ ግን ከንግዲህ አናበረታታም» አለ። ተመልከቱ፣ አልከለከለም። ማንም የማይወቅሰው ቦታ ሄዶ ቆመ ነው እኔ የምለው። ከመቶ ሰባ ገደማ የነበረው የሚከተበው ልጅ ቁጥር ከመቶ አንድ በታች ወረደ። ናጎያ ከተማ 30 ሺህ የሚደርሱ ሴቶችን አስጠንተው የተከተቡትና ያልተከተቡት በነዚያ ምልክቶች እንደማይለያዩ ታየ፣ እንደዛም ሆኖ ወደ ማበረታታት የተመለሱት በ2022 ነው። በመሀል ያደጉት ልጆች ለዘጠኝ ዓመት ዝምታ ማንን ይጠይቃሉ? በሌላ በኩል ስዊድኖች 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶችን ተከታትለው ከ17 ዓመታቸው በፊት በተከተቡት ላይ በሽታው 88 በመቶ ቀንሶ አገኙት። ይሄን ወረቀት ስንት ተማሪ እንደጠቀሰው ብታውቁ፣ እኔ ራሴ ቁጥሩን በቃሌ ይዤዋለሁ።

አደጋ የለውም እያልኩ አይደለም። የክንድ ሕመም አለ፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ከሚሊዮን መርፌ በጣት በሚቆጠሩት ላይ ደሞ ከባድ አለርጂ። ዜሮ የሚባል መድኃኒት ማንም አላሳየኝም። ኮቪድ ጊዜ አስትራዜኒካ ሲመጣ የደም መርጋቱ ወሬ ከአውሮፓ አብሮ መጣ፣ ያ ደሞ ወሬ ብቻ አልነበረም፣ ከስንት አሥር ሺህ ሰው አንዱን የሚያገኝ እውነተኛ ነገር ነበር፣ እንግሊዞች ራሳቸው ለወጣቶቻቸው ሌላ ዓይነት ስጡ ብለዋል። እኔ ግን ተራዬ ሲደርስ ሄጄ ተወጋሁ፣ ብዙም አላሰብኩበት። ለምን? ገላው የኔ ነበራ። የሰውን ገላ፣ ለዚያውም የልጅህን፣ ስትወስንበት ነው እጅህ የሚከብደው።

እናቴና ፈንጣጣ

እናቴ ከደምቢያ መጥታ እኛ ጋ ነው የምትኖረው። ጠዋት ላይ የኛን ፊት አይታ «ምን ሆናችኋል» አለች፣ ነገርናት። ሳቀች። እሷ ልጅ እያለች የፈንጣጣ ክታቢዎች መንደራቸው ሲመጡ አባቷ እህል ውስጥ ደብቋት ነበር አሉ፣ ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. ነው የተጀመረው። በሁለተኛው ሲመጡ ግን ራሱ እጇን ይዞ አወጣት። ምን ለወጠው ብላት «ታላቅ ወንድሜ ፊቱ ሙሉ ጠባሳ ነበር፣ ሁልጊዜ አባቴን ዝም ብሎ ያየዋል» አለችኝ። ሌላ ማብራሪያ የለም።

ፈንጣጣ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ያ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከተማችን ሲገባ ቁስቋም ቤተ መንግሥት ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ልጆቹን እንዲያክም ነው የጠሩት። ክትባት የሚባል በብልቃጥ ከመምጣቱ በፊት ደሞ በሰሜኑ አገራችን ሰዉ ራሱ ቀለል ያለ ፈንጣጣ ከያዘው ሰው ቁስል ፈሳሽ ወስዶ የጤነኛውን ክንድ በምላጭ ጭሮ ያስገባ ነበር። ከመቶ አንድ ሁለት ሰው በዚያ ይሞታል ይባላል። ከመቶ! እኛ ከሚሊዮን ስለሚሆነው ነው ሌሊቱን ሳንተኛ የምናድረው። እነሱ ግን ከፊት ለፊታቸው ፈንጣጣው ራሱ ነበር፣ ጎረቤት ቤት ተኝቶ ያዩታል። የኛ በሽታ አይታይም፣ የምናየው መርፌውን ብቻ ነው። ጤና ኤክስቴንሽኗ ሁልጊዜ «ሳይቃጠል በቅጠል» ትላለች፣ ልክ ናት፣ ግን ጭሱን ያላየ ሰው ቅጠል አይዝም።

«ገና ልጅ ናት፣ ለምን አሁን» ለሚሉ ደሞ መልሱን የሰጠችኝ እናቴው ናት፣ ሳታስበው። ክትባቱ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ከወንድ ጋር ከመገናኘት በፊት ሲሰጥ ነው፣ ለዛ ነው ከ9 እስከ 14 የተባለው። ይሄን ለእናቴ በተሸፋፈነ ቋንቋ ሳስረዳ አቋረጠችኝና «እኔ እኮ በ13 ዓመቴ ነው የተዳርኩት» አለች። ባለቤቴም እኔም አቀረቀርን።

የቁርስ ጉዳይ

ልጅቷን መጠየቅ ነበረብን፣ መጨረሻ ላይ አስታወስናት። እንዴት እንደሚተላለፍ ማን ያስረዳት በሚል እኔና ባለቤቴ ዓይን ለዓይን ስንተያይ «ሳይንስ መምህራችን ነግራናለች» ብላ ገላገለችን። «እወጋለሁ፣ ግን አባዬ አንተ ትምህርት ቤት እንዳትመጣ፣ ይሳቅብኛል።» እሺ።

ከዛ ትልቁ ጭቅጭቅ መጣ። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ የነቢያት ጾምም ገብቷል፣ ልጄ ደሞ ከአያቷ ጋር እኩል ካልጾምኩ ትላለች። ከሱቄ የማይጠፉ አንዲት ሲስተር አሉ፣ ማስተርሳቸውን እየሠሩ ነው፣ ቀደም ብዬ ስጠይቃቸው «ጋሼ፣ እኔን መርፌው አያስፈራኝም፣ በባዶ ሆዷ ብትመጣ ነው የሚያስፈራኝ» ብለውኝ ነበር። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ለማንኛውም መርፌ አንዳንዴ ራሳቸውን ስተው ይወድቃሉ፣ ለዛ ነው ከተወጉ በኋላ 15 ደቂቃ ቁጭ የሚደረጉት። እናቴ መጀመሪያ እምቢ አለች፣ ከዛ ጥቂት አስባ «ልጅ ናት፣ እግዜር ይፍታት» ብላ ራሷ ሽሮ ፈተፈተችላት። ከዛ ሁሉ ማሰብ ውስጥ በኛ እጅ የነበረው፣ በርግጠኝነት ልንቀንሰው የምንችለው አደጋ፣ ያ ፍትፍት ነበር።

ልጄን ክንዷን ሁለት ቀን አመማት፣ ማታ ትንሽ ራሷን አለች፣ በቃ። ከክፍሏ ግን አንዷ ልጅ ወደቀች፣ ሳትበላ መጥታ ኖሮ ውሃ ሰጥተዋት ተነሳች። ቴሌግራሙ ላይ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሦስት ሆኑ፣ ማታ ላይ አንዷ «ሪፈር ተጽፎላታል» ተባለ። ልጄ እያነበበች «እኔ እኮ አጠገቧ ነበርኩ» ትላለች። ጻፊላቸው አልኳት። «ማን ያምነኛል» አለች፣ ልክ ሳትሆን አትቀርም።

ባለቤቴ እስካሁን በሙሉ ልቧ አልተስማማችም፣ አልደብቅም። እሷ በ30ዎቹ ውስጥ ስላለች ለሷ የሚጠቅማት ምርመራው ነው፣ በአሴቲክ አሲድ፣ ያው በኮምጣጤ ማለት ነው፣ የሚያዩት፣ ቶሎ ከተደረሰበት እዚያው ያክሙታል። ሲስተሯ ቀጠሮ ላስይዝላት ብለውኛል። «ከገና በኋላ» ትላለች። የትኛው ገና እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ የራሷ ገላ ነው፣ መጨቅጨቄን ግን አልተውኩም።

ባለፈው እሁድ ታናሽ ወንድሜ ከአዘዞ ደወለ። የእሱ ልጅ 10 ዓመቷ ነው፣ እነሱ ትምህርት ቤት ገና ነበር። ያሳለፍነውን በሙሉ ነገርኩት፣ ክንዷን፣ ራስ ምታቷን፣ የወደቀችውን ልጅ፣ ጃፓንን ሳይቀር። ረጅም ዝም አለ፣ ካርዱ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

«እሺ ላስወጋት» አለ፣ «ግን አንድ ነገር ብትሆን አንተን ነው የምይዝህ።»

«ያዘኝ» አልኩት።